የገሳይ መስመር ቆጣሪ

ውብአለም የደብረ ታቦር መናኸሪያ ዘበኛ ሆኖ ዘጠኝ ዓመት ሲሠራ ከዘውገ ጋር አንድ ቃል አልተለዋወጠም። ዘውገ ሦስት ሚኒባሶች አሉት፤ ሦስቱም የገሳይን መስመር ይሠራሉ፤ አንዱን ራሱ ይነዳዋል። በቀን አሥር ጊዜ ያህል በበሩ ይወጣል፣ ይገባል። ውብአለም በበሩ የተወጠረውን ገመድ ያላላል፣ መኪናው ያልፋል፣ ገመዱን መልሶ ይወጥራል። ሁለቱም ፊት ለፊታቸውን ብቻ ያያሉ። መናኸሪያ የሚውል ሰው ሁሉ ምክንያቱን ያውቃል። የማያውቅ እንግዳ ቢኖር እንኳ ዘበኛው «ጎማው» ተብሎ ሲጠራ ይሰማና ይጠይቃል፤ የሚነግረው አይጠፋም፤ የሚነግረውም እየሳቀ ነው።

በፊት ባለጋሪ ነበር። ፈረሱ ቦራ ይባላል፤ መልኩ ዳማ ሆኖ ግንባሩ ላይ ነጭ ስለነበረው ነው። የሆስፒታሉን ቁልቁለት ጭነት ይዘው የሚደፍሩ ባለጋሪዎች ጥቂት ነበሩ፤ ውብአለም ከእነሱ አንዱ ነው። አወራረዱ እንዲህ ነበር፦ ከጋሪው ይወርዳል፤ ከፈረሱ ፊት ይቆማል፤ ልጓሙን ከአገጩ ሥር ይይዝና የኋሊት እየሄደ፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ፣ አንድ እርምጃ፣ ደግሞ አንድ እርምጃ ይወርዳሉ። ቦራ የሚያየው የጌታውን ፊት ብቻ ስለሆነ ቁልቁለቱን አያይም። ውብአለምም መንገዱን አያይም፤ እግሩ ያውቀዋል።

በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር፣ ሁለት ኩንታል ገብስና ከሕክምና የሚመለሱ አንዲት ባልቴት ጭኖ እንደዚያ ሲወርድ ዘውገ ከኋላ መጣ። ያን ጊዜ የሰው ቅጥቅጥ አውቶቡስ ነበር የሚነዳው። መንገዱ በአንድ በኩል ጠጠር ተከምሮበት ጠቧል፤ መቅደም አይቻልም። ዘውገ ቀስ ብሎ ተከተለ። ውብአለም የኋሊት ስለሚሄድ በቦራ ጆሮዎች መካከል የሹፌሩን ፊት በደንብ ያየው ነበር። የተቆጣ ፊት አልነበረም። ዘውገ ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞር ብሎ አንድ ነገር ተናገረ፤ ፈገግ አለ፤ እጁን ወደ ላይ ሰደደና የንፋስ ጥሩምባውን ጎተተው።

ቦራ የፊት ሁለት እግሩን አነሣ። ልጓሙ ከውብአለም እጅ ወጣ። ጋሪው ተገፍቶ መጣ፤ አንዱ መንኮራኩሩ ከቦዩ ገባ፤ ፈረሱ ከነጭነቱ ተገለበጠ። ባልቴቷን እግዚአብሔር አተረፋቸው፤ ክርናቸው ብቻ ተላጠ። የቦራ የፊት ቀኝ እግር ግን ከጉልበቱ በታች ለሁለት ተሰብሮ በቆዳ ተንጠለጠለ። ውብአለም ተንበርክኮ እግሩን በሁለት እጁ ሲይዝ ዘውገ በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«ምን ታለቅሳለህ? ጎማውን ቀይርለት እንጂ!»

አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ሳቀ።

እግሩ የተሰበረ ፈረስ አይታረድም፣ አይታከምም። ውብአለም በመንገዱ ያገኘውን ፖሊስ «በአንድ ጥይት ገላግልልኝ» ብሎ ለመነው። ፖሊሱ ጥይት በሪፖርት እንደሚወጣ፣ ለፈረስ ተብሎ ሪፖርት እንደማይጻፍ በትሕትና አስረዳው። እንስሳውን በዘጠኝ ሰው ጎትተው ከከተማው ጫፍ አደረሱት። ውብአለም እስኪመሽ አጠገቡ ተቀምጦ ቆየ፤ ከዚያ ጅብ ስለሚመጣ ሰዎች እሱን ጎትተው ወደ ቤቱ ወሰዱት። በማግስቱ ማለዳ ሲሄድ ያገኘው ልጓሙን ብቻ ነበር። አጥቦ ከቤቱ በር በላይ ሰቀለው።

ሽማግሌ ተቀመጠ። መሪጌታ ፈንታሁን ዳኛ ሆኑ። ዘውገ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆሞ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ጥሩምባ እንዳልነፋ ማለ። ፈረሱ በራሱ ደንግጦ ነው አለ። በአውቶቡሱ ከነበሩት መካከል አሥራ አንድ ሰዎች ተጠርተው ነበር። ሁሉም ጠዋት ጠዋት የዘውገ ወንበር የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ናቸው። ማንም አልሰማም። ሞላ የሚባለው ልብስ ሰፊ «ተኝቼ ነበር» አለ፤ በዚያ ቁልቁለት፣ በዚያ ጥሩምባ።

መሐላ ከተማለ በኋላ ዘውገ ደግ ሆነ። «ባልበድለውም ለነፍሴ ብዬ ፈረስ እገዛለታለሁ» አለ። ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው፤ ውብአለምን «ተነሥተህ እጅ ንሣ» አሉት።

«ፈረስ አልጠፋብኝም» አለ ውብአለም። «ጥሩምባውን የነፋው ሰው ነው የጠፋብኝ። እሱን ፈልጉልኝ።»

ተነሥቶ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ሕፃናት ከኋላው «ጎማ ቀይር!» እያሉ ይከተሉት ጀመር። ዓመት ሳይሞላ ነገሩ አጥሮ «ጎማው» ሆነ። ስሙን የማያውቁ ሰዎች በቅንነት «ጋሼ ጎማው» ይሉታል።

*

በሁለት ሺህ አሥር ዓመተ ምሕረት ከተማው አዲስ የመጓጓዣ ዕቅድ አወጣ። ርብቃ የምትባል ወጣት መሐንዲስ መጣች። መናኸሪያው ውስጥ ስብሰባ ጠርታ ዕቅዱን በቀላል አማርኛ ተናገረች፦ በዋናው መንገድ ጥሩምባ መንፋት ይከለከላል፤ ለእግረኛ መሄጃ ይሠራል፤ ለጋሪ የራሱ ማቆሚያ ይሰጠዋል፤ ወደ ወረታና ወደ ገሳይ የሚሄዱ መኪኖች በሰዓት ይነሣሉ፣ ሞሉም አልሞሉም። መጨረሻ የተናገረችው ደግሞ አንድ ትልቅ አውቶቡስ መገኘቱን ነው። አንድ ብቻ። የሚመደበውም ብዙ ሰው ወደሚመላለስበት ቦታ ነው። ለዚህ ሲባል በየመንገዱ ለሰባት ቀን ቆጠራ ይደረጋል።

ሰው ሁሉ አውቶቡሱ ለሆስፒታሉ ዳገት እንደሚሆን ገመተ። በሽተኛ በቃሬዛ የሚወጣበት፣ እርጉዝ ሦስት ቦታ እየተቀመጠች የምትወጣበት ዳገት ነው። የውብአለም ሚስት ዓለሚቱም ጉልበቷን ለማሳየት በየአሥራ አምስት ቀኑ ትወጣዋለች። ጠዋት ተነሥታ እኩለ ቀን ላይ ትደርሳለች፤ ሐኪሙ «ለምን ያብጣል?» ብሎ ይጠይቃታል።

ርብቃ ለመናኸሪያው በር ቆጣሪ ስትፈልግ የገቡትንና የወጡትን ታርጋዎች በቃሉ የሚያውቅ ዘበኛ እንዳለ ነገሯት። ፈተነችው። ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት የወጡትን አሥራ ሰባት መኪናዎች በቅደም ተከተል ነገራት።

«ጋሼ፣ እርስዎን ነው የምፈልገው» አለችው። ቢጫ ሰደርያ፣ ደብተርና እርሳስ ሰጠችው። «ሥራው አንድ ነው። መኪናው ገመዱን ሲያልፍ በውስጡ ያለውን ሰው ይቁጠሩ። የት እንደሚሄድ፣ ለምን እንደሚሄድ አይጠይቁ። ራስ ብቻ ይቁጠሩ።»

«ራስ ብቻ» አለ ውብአለም።

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ነገሩን አሰበው። ለማሰብ ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም፤ አሥር ዓመት ሙሉ ሲፈልገው የነበረው ነገር በእጁ ላይ ተቀምጧልና።

መናኸሪያ የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቃል፦ ሚኒባስ የሚነሣው ሲሞላ ነው፤ ሰው ደግሞ ባዶ መኪና አይገባም፤ ሊነሣ የተቃረበ የሚመስለውን ይመርጣል። ስለዚህ ባለመኪናው የማይሄዱ ሰዎችን ያስቀምጣል። ሥራ ያጡ ጎልማሶች ናቸው፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ተጓዥ መስለው ይቀመጣሉ። እውነተኛው ተሳፋሪ በገባ ቁጥር አንድ በአንድ እየወረዱ ወደሚቀጥለው መኪና ይዛወራሉ። ሁሉም ያደርገዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ዘውገ ነው።

ውብአለም ጌጤ ሻይ ቤት ገባ። ጌጤ መናኸሪያው ጥግ ላይ ሻይ የምታፈላ ሴት ናት፤ እሷ ዘንድ የተነገረ ወሬ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ሹፌሮች ጆሮ ይደርሳል።

«ቆጣሪ ሆንክ አሉ፣ አያ ውብአለም» አለችው። «ምን ሊያደርጉበት ነው ይህን ሁሉ ቁጥር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ብቻ ሰው ያነሰበት መስመሩን ይነጠቃል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ከማን?»

«ወሬ ነው። አንቺ ደግሞ እንዳትናገሪ።»

ጌጤ በማርያም ምላ እንደማትናገር አረጋገጠችለት። ውብአለም ሻዩን ጠጥቶ ወጣ።

ቆጠራው ሰኞ ተጀመረ። የዘውገ የመጀመሪያ ሚኒባስ ገመዱ ጋ ሲደርስ አሥራ ዘጠኝ ሰው ጭኗል፤ ወንበሩ ለአሥራ ሁለት ነው። የማይሄዱት ሰዎች እንደ ወትሮው መናኸሪያው ውስጥ አልወረዱም፤ በሩን አብረው ወጡ። ውብአለም ከበሩ ቆሞ የሚኒባሱን ኋላ ተመለከተ። መኪናው ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ቆመ፤ ሰባት ሰዎች ወረዱ፤ ሚኒባሱ ወደ ገሳይ ቀጠለ፤ ሰባቱ በአጥሩ ሥር እየተጫወቱ በእግራቸው ተመለሱ። ከመካከላቸው አንዱ ቀይ ሻርፕ አንገቱ ላይ ጠምጥሟል።

ውብአለም በደብተሩ አሥራ ዘጠኝ ብሎ ጻፈ። ከቁጥሩ ጎን፣ በኅዳጉ ላይ፣ ሰባት ትንንሽ ነጥቦች አደረገ።

ሰባት ቀን እንዲሁ ሆነ። አንድ ራስ አልጨመረም፣ አንድ ራስ አልቀነሰም። ረቡዕ ዕለት ርብቃ ደብተሩን ለማየት መጣች።

«እነዚህ ነጥቦች ምንድን ናቸው ጋሼ?»

«የእጅ ልማድ ነው፣ ልጄ። እርሳስ ስይዝ እጄ አያርፍም።»

አርብ ዘውገ በመስኮት ሲያልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውብአለም ዞሮ አየ። ሚኒባሱ ውስጥ ሃያ አንድ ሰው ነበር። ዘውገ ፈገግ አለ። በቁልቁለቱ ላይ ያየው ፈገግታ ነው። ውብአለም ሃያ አንድ ብሎ ጻፈ፤ ዘጠኝ ነጥብ ጨመረ።

*

ውጤቱ በሳምንቱ መናኸሪያው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። በገሳይ መስመር በሰባት ቀን አንድ ሺህ አራት መቶ ስድስት ሰው ወጥቷል። ይህን ያህል ሕዝብ በሦስት ሚኒባስ መመላለስ አደገኛ ነው ይላል ጽሑፉ፤ ስለዚህ ትልቁ አውቶቡስ ለገሳይ ይመደባል፤ ሚኒባሶቹ ገጠር ቀበሌዎች ወደሚወስደው የጠጠር መንገድ ይዛወራሉ። ሕዝብ በስምንት ቀን ውስጥ ተሰብስቦ አስተያየት ይሰጥበታል፤ ከዚያ ይጸድቃል።

የጠጠሩን መንገድ ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። ዓመት የቆየበት ሚኒባስ የለም።

ዓለሚቱ ወሬውን ሰምታ በሩ ላይ ጠበቀችው። ገና ገመዱን ለተረኛው አስረክቦ መምጣቱ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ የገሳይ ልጅ ነኝ» አለችው። «ገሳይ ከነአጥቢያው ተገልብጦ ቢራገፍ ይህን ያህል ሰው አይወጣውም። ማንን ነው የቆጠርከው?»

ደብተሩን አሳያት፤ ነጥቦቹን አስረዳት። ማንበብ ባትችልም ነጥብ መቁጠር ትችላለች። ጥቂት ገጽ ካየች በኋላ በርጩማው ላይ ተቀመጠች፤ ጉልበቷን በእጇ ያዘች።

«አውቶቡሱ ለዳገቱ ነበር» አለች። «ለኔ ነበር። ጉልበቴን ሸጥከው።»

«አልሸጥኩትም። አስይዤዋለሁ።»

«ምን ልታገኝበት?»

ውብአለም ከበሩ በላይ የተሰቀለውን ልጓም አየ። እሷም አየችው። ሌላ ማስረዳት አላስፈለገም።

«እሱ ይመጣል» አለ።

«ካልመጣስ?»

«ካልመጣ አውቶቡሱ ገሳይ ይሂድ።»

«እኔስ?»

ውብአለም ደብተሩን ከትራሱ ሥር ከተተ። እስከ እሑድ ድረስ አላናገረችውም። እራት ታቀርብለታለች፤ ውሃ ታስታጥበዋለች፤ ጉልበቷ ግን ከወትሮው ይልቅ የሚጮኽ መሰለው። ቅዳሜ ማታ ተነሥቶ ደብተሩን አነሣ፤ ለርብቃ ሊወስደው በሩ ድረስ ደረሰ፤ ከበሩ በላይ ያለውን ልጓም አየና ተመልሶ ተቀመጠ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዘውገ መጣ። ብቻውን ነው፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። በሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ለመግባት ጎንበስ አለ፤ ልጓሙ ከአናቱ በላይ አለፈ።

«አያ ውብአለም፣ እንደምን ሰነበቱ?»

አንቱታ ከዘውገ አፍ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ውብአለም ሰምቶ አስቀመጠው።

«ተቀመጥ።»

ዘውገ ተቀመጠ። ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ ዓለሚቱ፣ እስቲ ውሃ ቢጤ…»

ዓለሚቱ ወደ ባሏ አየች። የአንድ ቤት ውሃ የቀመሰ ሰው ከዚያ ቤት ጋር የታረቀ ያህል ነው።

«ከተናገረ በኋላ» አለ ውብአለም።

ዘውገ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አደረገ። «ቁጥሩ ልክ አይደለም።»

«ልክ ነው። አንድ ራስ አልጨመርኩም።»

«ራሱማ ልክ ነው። ሰዎቹ ግን…»

«ሰዎቹ ምን?»

«የሚሄዱ አይደሉም።»

«ታዲያ ምን ሊሠሩ ተሳፈሩ?»

«ያውቃሉ እኮ! ዘጠኝ ዓመት በር ላይ ቆመው። ሁሉም የሚያደርገው ነው።»

«ለመሐንዲሷ ንገራታ።»

«ነገርኳት። ‹ሲያንስብህ ሰው ሞላህ፣ ሲበዛብህ ደግሞ የውሸት ነበሩ ትላለህ፤ የትኛውን ልመን?› አለችኝ። ቆጣሪው ካላረጋገጠ አንዲት ቁጥር አልነካም አለች። የተቀመጡት ልጆች ደግሞ አፍረው ሁሉም ገሳይ ሄደናል ይላሉ።»

ውብአለም ደብተሩን ከትራሱ ሥር አወጣና ገለጠው። «ይህ ነጥብ ባለቀይ ሻርፑ ነው። ሰኞ ጠዋት አራት ጊዜ ገሳይ ሄዷል። ከገሳይ ግን አንድም ጊዜ አልተመለሰም። ዘመድ ሳይኖረው አይቀርም እዚያ።»

ዓለሚቱ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። ዘውገ አልሳቀም። ነጥቦቹን በዓይኑ ተከተላቸው፤ ገጹን ገለጠ።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው መኪና ጀምሮ።»

«ያንን ወሬ ጌጤ ቤት ያመጣው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

ዘውገ ቀና አለ። እንዲህ በግልጽ ይመልስለታል ብሎ አልጠበቀም።

«ስጠየቅ አልክድም» አለ ውብአለም። «ይኸው ነው የኔና ያንተ ልዩነት። ደብተሩን ለመሐንዲሷ አሳያለሁ። ነጥቦቹን አንድ በአንድ አነብላታለሁ። መስመርህ ይቀርልሃል። ቀድመህ ግን በስብሰባው ላይ፣ በድምፅ ማጉያው፣ መሪጌታ ባሉበት ጥሩምባውን ነፍቻለሁ ትላለህ።»

«በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ምያለሁ እኮ!»

«ስለማልክ ነው።»

«ትልቅ ልጄ ዘንድሮ ትዳራለች። አማቾቼ ይሰማሉ። አባቷ በሐሰት የሚምል ነው ይባላል።»

«ይባላል።»

«አያ ውብአለም፣ እኔ እኮ ለቀልድ ነበር! ተሳፋሪ ላስቅ ብዬ! እግሩ ይሰበራል ብዬ…»

ዘውገ አፉን በባርኔጣው ሸፈነ።

«አሁን ያልከውን ነው» አለ ውብአለም በቀስታ። «እዚያ በለው።»

ዘውገ ውሃ ሳይጠጣ ወጣ።

*

ስብሰባው መናኸሪያው ውስጥ፣ መኪናዎቹ ወደ ዳር ተገፍተው ሆነ። ከጉና ተራራ በኩል ብርድ ያዘለ ነፋስ ይመጣል፤ ሰው ሁሉ ጋቢውን አፍንጫው ድረስ ሸፍኗል። መሪጌታ ፈንታሁን አርጅተው በሰው ተደግፈው መጥተዋል፤ ከፊት ወንበር ሰጧቸው። ልብስ ሰፊው ሞላም ነበር። ውብአለም ቢጫ ሰደርያውን ለብሶ፣ ደብተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ዓለሚቱ ከሴቶቹ ጋር ናት፤ ጣሳ ውሃ ይዛለች፤ ለራሷ ነው ብላ ነበር።

ርብቃ ዕቅዱን አንብባ «አስተያየት ያለው?» አለች። ዘውገ እጁን አነሣ። ድምፅ ማጉያውን ተቀበለ። ስለማይሄዱት ሰዎች ተናገረ፤ ከየት እንደተሳፈሩ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ እንደሚወርዱ ዘረዘረ። ጨርሶ ወደ ውብአለም አየ።

ውብአለም ደብተሩን አልከፈተም። ሁለት እጁን ከላዩ አነባበረ።

«ቆጣሪው ይመስክሩልኛል» አለ ዘውገ።

«ጋሼ ውብአለም?» አለች ርብቃ።

«አልጨረሰም» አለ ውብአለም።

የድሮውን ነገር የሚያውቁ ሁሉ ገባቸው። ዘውገ ማጉያውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። ወደ ሚኒባሶቹ አየ፤ ሦስቱም ታጥበው በአጥሩ ጥግ ቆመዋል። ወደ መሪጌታ አየ። ሲናገር ድምፁ ወርዶ ነበር፤ ማጉያው ግን ለሁሉም አዳረሰው።

«በሁለት ሺህ ዓመት፣ በሆስፒታሉ ቁልቁለት፣ በውብአለም ፈረስ ላይ ጥሩምባ የነፋሁት እኔ ነኝ። አውቄ ነው የነፋሁት። ሰው ለማሳቅ ነው። አልነፋሁም ብዬ በደጀ ሰላም ምያለሁ።»

መሪጌታ ፈንታሁን ያላቸውን አቅም ሁሉ ተጠቅመው ተነሡ። «የሐሰት መሐላ አስፈጸምከኝ» አሉ። ሌላ አልተናገሩም፤ ደጋፊያቸውን ይዘው እየተጎተቱ ወጡ። መንገድ እየለቀቀላቸው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ከኋላ ሞላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔም ሰምቼ ነበር» አለ።

«ተኝተህ አልነበር?» አለችው ጌጤ ጮክ ብላ።

ሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ከሞላ ወደ ዘውገ ተሻገረ፤ ከአጥሩ ላይ የተንጠለጠለ አንድ ሰው «ጥሩምባው!» ብሎ ጮኸ፤ ሌሎች ተቀበሉት። ውብአለም ድምፁን አዳመጠው። ስም እንዴት እንደሚወለድ ያውቃል። ይህ የሚኖር ስም ነበር።

ከዚያ ተነሣ። ደብተሩን ከፈተ። ነጥቦቹን ከሰኞ እስከ እሑድ፣ በሰዓት፣ በታርጋ፣ በልብስ ምልክት አነበበ። ለማንበብ አርባ ደቂቃ ፈጀበት፤ ማንም አላቋረጠውም። ድምሩ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ነጥብ ነበር። ርብቃ በወረቀቷ ቀነሰች። የቀረው ሰባት መቶ ዘጠና አራት ነው፤ በዳገቱ ላይ ከተቆጠረው ሰው ያንሳል። አውቶቡሱ ለሆስፒታሉ ዳገት ሆነ።

ሰው ሲበተን ርብቃ ውብአለምን ጠራችው። ፊቷ ቀልቷል።

«የእጅ ልማድ ነው አሉኝ።»

«ዋሸሁሽ።»

«ሥራዬን መጫወቻ አደረጉት። ሰደርያውን ይመልሱ።»

አውልቆ፣ በሥርዓት አጥፎ ሰጣት። ተገቢ ነው ብሎ ስላሰበ አልተከራከረም።

ዘውገ ከአጥሩ ጥግ ቆሞ ነበር፤ የሚያናግረው ሰው አልነበረም። ዓለሚቱ እያነከሰች ሄደች፤ ጣሳውን ሰጠችው። ዘውገ እስከ ታች ጠጣው። ጣሳውን መልሶ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ጎንበስ እያለ ወደ ውብአለም መጣ። ሰው ቆሞ ጠበቀ። ውብአለም የተዘረጋውን እጅ አየው፤ ጥሩምባውን የጎተተው እጅ እሱ ነው። ዞሮ ወደ በሩ ሄደ።

በሌላ ቀን ሽማግሌዎች መጡ። ተናዟል፣ ተዋርዷል፣ የልጁ ሰርግ ተሰናክሏል፣ ይበቃዋል አሉት። ውብአለም በክብር አስቀመጣቸው፤ ጠላ አቀረበላቸው። «አስብበታለሁ» አላቸው። እስከ ዛሬ እያሰበበት ነው።

አውቶቡሱ በቀን ስምንት ጊዜ ዳገቱን ይወጣል። ዓለሚቱ ከሹፌሩ ኋላ ያለው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ቦራ የወደቀበት ቦታ ሲደርሱ ታማትባለች።

ውብአለም ወደ ገመዱ ተመልሷል። አሁን የገሳይ መኪና የሚነሣው በሰዓት ነው፤ መናኸሪያው ግድግዳ ላይ ሰዓት ተሰቅሏል። ዘውገ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሚኒባሱን አሙቆ ገመዱ ሥር ያቆማል። ውስጡ ስድስት፣ ሰባት ሰው ቢሆን ነው። ጥሩምባ መንፋት ክልክል ነው። ሞተሩ ይንተከተካል፤ ተሳፋሪዎቹ ከሹፌሩ ወደ ዘበኛው፣ ከዘበኛው ወደ ሹፌሩ ያያሉ። ውብአለም ገመዱን በእጁ ይዞ ሰዓቱን ይመለከታል። ረጅሙ ቆጣሪ አሥራ ሁለት ላይ እስኪደርስ ድረስ አያላላውም።